ቢሊዮን በፌስታል

ቀኑን ሙሉ ለገሃር፣ ከመስታወት ኋላ፣
ብር እቆጥራለሁ፣ እኔ በቆጠርኩት ሌላ ሰው ሊበላ።
ማታ የምቆጥረው ግን ማንኪያ ነው።
አንድ፣ ገንፎ፤ ተፋው።
ሁለት፣ ፊቱን አዞረ።
ሦስት፣ እጄን ገፋው።
ያፌት፣ የሁለት ዓመት ከአራት ወር ጌታ፣
አፉን እንደ ቅዳሜ ከሰዓት ባንክ ጥርቅም ያደርጋል ማታ ማታ።

ሆዱ ደግሞ ሌላ ጣጣ፤
አራት ቀን ዝም፣ አምስተኛው ቀን ለቅሶ፣
ፖፖው ላይ ተቀምጦ፣ አንገቴን አንቆ፣ ፊቱ ደም ለብሶ።

ምክር እንደሁ በኛ ሕንጻ በነጻ ነው የሚታደል፤
አንዷ "ጥርስ ነው" ትላለች፣ አንዷ "ዓይን ነው"፣ አንዷ "ጸበል"፤
አማቴ ከደብረ ማርቆስ ደውላ "ተልባ!" ብላ ትዘጋለች፤
ስመኝ ብቻ፣ አጠገቤ ያለችው ካሸር፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ፕሮባዮቲክ" አለች፤
እንደ ካዝና ቁጥር በጆሮዬ አስቀመጠች።

ደመወዝ በወጣ ማግስት፣
ራስ መኮንን ድልድይ ጋ፣ ታክሲው በቅጡ ሳይቆም ዘልዬ፣
አንዲት ጠባብ ፋርማሲ ገባሁ፣ "አላችሁ ወይ?" ብዬ።
ፈትለወርቅ (ስሟን ከጋውኗ ደረት አነበብኩ)
ከመደርደሪያ ሳይሆን ከፍሪጅ ስታወጣው ደነገጥኩ።
"ሕያው ናቸው" አለች፣ "ሙቀት አይወዱም፤
በአንዷ ከረጢት አንድ ቢሊዮን አሉ፣ በዓይን አይታዩም።"

ዋጋውን ጠየቅኩ። ነገረችኝ።
አልሰማሁም አልኩ። ደገመችልኝ።
የልጁን ጫማ፣ የወሩን ዘይት፣ የመብራቱን ካርድ በልቤ ቀነስኩ፤
ካሸር አይደለሁ? እዚያው ቆሜ ሂሳብ ዘጋሁ፣ ከፈልኩ።

"ይሠራል ግን?" ብላት አላሞኘችኝም፤
"ለአንዱ ልጅ ይሆናል፣ ለአንዱ ምንም።
ሐኪም አይቶታል? ክብደቱስ እንዴት ነው?" አለችኝ በቀስታ፤
"ጨምሯል ብለውኛል፣ በቀደም ለታ።"
"እንግዲያው አፉን አታስጨንቂው" አለች፣ መልሱን ስትሰጠኝ፤
"ደግሞ እርጎም ያው ዘመዳቸው ነው" ብላ ጠቀሰችኝ።

ወጣሁ።
ወደ አራት ኪሎ ሽቅብ ስል ሳቅ አፈነኝ በመንገድ፤
አሥራ አንድ ዓመት ካዝና ሥር ስኖር፣ ስወጣ ስወርድ፣
ቢሊዮን የሚባል ነገር ነክቼ አላውቅም ነበር፤
ዛሬ አሥር ቢሊዮን ነፍስ፣ ከዓለም ሕዝብ የሚበልጥ አገር፣
ያለ ዘብ፣ ያለ ታጣቂ፣
በጥቁር ፌስታል አንጠልጥዬ፣ በዝናብ ካፊያ ተጨናቂ።

ቤት ስደርስ መብራት የለም።
ጌድዮን በስልኩ ባትሪ ፓኮውን አገላብጦ አየና፣
"ይህን ሁሉ እንግዳ የት ልናሳድር ነው?" አለና
በላስቲክ ጠቅልሎ ባልዲ ውሃ ላይ አንሳፈፈው።
ስንቱ በሌሊት አልቆ እንዳደረ ማን ያውቃል? ማን ሊቀብረው?

በመጀመሪያው ቀን እርጎ ውስጥ በተንኩት፤
ያፌት ቀመሰ፣ ምንጣፉን አጠጣው፣ እኔም ጠረግኩት።
በሁለተኛው ግማሹን።
በሦስተኛው የመኪና አሻንጉሊቱን መገበበት።
በስድስተኛው፣ እናቷ ከሥራ ስላመሸችባት
የጎረቤት ልጅ ኤልዳና መጣች፣ ፍርፍር አቀረብኩላት።
ያፌት አያት።
ወለሉ ላይ ዱብ አለ፣ ጉልበቱን ከጉልበቷ አስጠግቶ፣
"ኔም!" አለ፤ ከሳህኗ ዘገነ፣ እስከ ክርኑ ወጥ ተቀብቶ።
እኔ ከወጥ ቤት በር ኋላ እስትንፋሴን ይዤ፣
ማንኪያዬን እንደ ሌባ ከጀርባዬ ይዤ።

ማግስቱን በጠዋት፣ ሰማይ ገና ሳይገለጥ፣
ፖፖው ላይ ወጣ፣ ዘፈነ፣ ተነሣ፤ ያለ ምጥ።
ጌድዮን የጥርስ ሳሙና ባፉ እንደሞላ ሮጦ መጣ፣
አየ፣ እልል አለ፤ ጎረቤት ሎተሪ የወጣልን እስኪመስለው ወጣ።

እና ማንን ላመስግን?
ቢሊዮኖቹን ነው? እርጎውን ነው?
ወይስ ኤልዳናን፣ ዋጋዋን ማንም ያልጠየቃትን?
አላውቅም።
አራት ከረጢት ቀርተዋል፣ ፍሪጁ በር ላይ፣ ከእንቁላሉ ሥር፤
ሰፊውን ሳህን ግን አውጥቻለሁ፣ ደጅ ሲንኳኳ ዝግጁ እንዲሆን ነገር።

ማንኪያ መቁጠር ትቻለሁ።
ትቻለሁ ያልኩት ውሸቴን ነው፤
ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ፣ የማላይ መስዬ፣ በሆዴ፣
ዘጠኝ… አሥር… አሥራ አንድ… በል ልጄ።